ሲስተም የት ሄደ?

ከሚሴ ካሉት ባንኮች ባንዱ ወረፋ ይዤ ነበር። ገንዘብ ከፋይዋ ጣቶቿን ከኪቦርዱ ላይ አነሳችና «አባባ፣ ሲስተም የለም» አለች። መስኮቱ ጋ የደረሱት ሽማግሌ ጥግ ጥጉ የተላጠ የቁጠባ ደብተራቸውን እንደያዙ «የት ሄደ?» ብለው ጠየቁ። ወረፋው በሳቅ ፈረሰ። ጥያቄው ግን ትክክለኛ ነበር።

የሽማግሌው ሒሳብ ያለው ከፋይዋ ፊት በተቀመጠው ኮምፒውተር ውስጥ አይደለም፤ አዲስ አበባ ባለ የባንኩ ሰርቨር ላይ ነው፣ ወደ 325 ኪሎ ሜትር ርቆ። ስንት ብር እንዳላቸው የሚጠይቀው መልእክት ብርሃን ሆኖ በፋይበር ይሄዳል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ፣ መስመሩ በአስፋልቱ ልክ ቢዘረጋ ደርሶ መልሱ የሰከንድ ሦስት ሺኛ ያህል ነው። ችግሩ ርቀቱ ሳይሆን የሰንሰለቱ ርዝመት ነው፦ መብራት፣ የቅርንጫፉ ኮምፒውተር፣ መስመሩ፣ ሰርቨሩ፣ ሶፍትዌሩ። እያንዳንዳቸው ከ100 ቀን 99ኙን ቢሠሩ እንኳ፣ አምስቱም ባንድነት የሚገኙት 95 ቀን ገደማ ብቻ ነው።

«ሲስተም» የሚለው ቃል የግሪክ ነው፤ ሥሩ «አብሮ የቆመ» እንደ ማለት። እኛም «ሥርዓት» አለን፤ ፀሐይንና ፕላኔቶቿን «ሥርዓተ ፀሐይ» እንላለን። ነገር ግን ከፋይዋ «ሥርዓት የለም» ብትል ኖሮ ዘበኛው ነበር ሮጦ የሚመጣው። ሥርዓት ቅዳሴውንም፣ መንግሥቱንም፣ የልጅ ጨዋነቱንም ተሸክሟል፤ ኮምፒውተሩ ትከሻ አጣ። ሲስተም ደግሞ ገብቶ አርፎ አልተቀመጠም። «በሲስተም ንገረው» ስንል በዘዴ፣ ሳታስቀይመው ማለታችን ነው። እንግሊዞቹ ይህን አያውቁትም።

ሁሉም በርቶ ሲስተም የሚጠፋበት ጊዜም አለ። መጋቢት 2016 በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሰዎች ከሒሳባቸው በላይ ሲያወጡ ያደሩበት ሌሊት እንዲህ ነበር፤ ማሽኑ ብር ይከፍላል፣ ስልኩ ያስተላልፋል፣ ቀሪ ሒሳቡን አይቶ «በቃህ» የሚለው ክፍል ግን አብሮ አልቆመም። ባንኩ የወጣውና የተዘዋወረው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን ተናግሯል።

መጠበቁ ሲሰለቸኝ ከከተማው ወጣ ብዬ የጨፋን ረግረጋማ ሜዳ አየሁ። የቦርከና ወንዝ ከላይ ከኮምቦልቻ በኩል ወርዶ እዚህ ሜዳው ላይ ሲደርስ ይዘገያል፣ ይንጣለላል። የክረምቱ ውሃ ረግረጉ ውስጥ ይቀርና ቆላው ሲነድ ሣር ይሆናል፤ ያን ጊዜ የአፋር ከብትና ግመል ይሰማራበታል፣ እበቱም ለመሬቱ ይቀራል። እንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ አርተር ታንስሊ በ1935 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለውን ትስስር ሲሰይም ያው ሲስተም የሚለውን ቃል ነው የተዋሰው፤ እኛ «ሥርዓተ ምህዳር» አልነው። ከፋይ የለው፣ መስኮት የለው። ረግረጉ ቢደርቅ ማን ወጥቶ ይናገራል?

ስመለስ ሽማግሌው ደጃፉ ላይ ጥላ ይዘው ተቀምጠዋል።

«መጣ እንዴ፣ አባባ?»

«ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሰንበቴ ሳይደርስ አይቀርም» አሉኝ።