ኤሌክትሮድ ምን ያህል ይዳመጥ?

የሊቲየም አዮን ባትሪ አሉታዊ ኤሌክትሮድ፣ ማለትም ቻርጅ ሲደረግ ሊቲየም የሚከማችበት ክፍል፣ ፋብሪካ ውስጥ ሲጀመር ጥቁር ሊጥ ነው። የግራፋይት ዱቄት፣ ጥቂት ካርቦንና ማጣበቂያ በውሃ ተበጥብጠው በስስ የመዳብ ፎይል ላይ ይቀባሉ፤ ከዚያ በረጅም ማድረቂያ ውስጥ ያልፋሉ። ውሃው ሲተን ቦታው ባዶውን ይቀራል። ከደረቀው ልባስ ግማሽ ያህሉ ክፍተት ነው፤ ቅንጣቶቹም እርስ በርስ የተነካኩት ላላ ብለው ነው።

ቀጥሎ ፎይሉ ከነልባሱ በሁለት ከባድ የብረት ሲሊንደሮች መካከል ተስቦ ይዳመጣል። ሲሊንደሮቹ ብዙ ጊዜ ይሞቃሉ፤ ሙቀቱ ማጣበቂያውን ስለሚያለሰልሰው ቅንጣቶቹ በቀላሉ ይጠጋጋሉ።

ነገሩን በቁጥር እንየው። የልባሱ ውፍረት 100 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ)፣ እፍግታው፣ ማለትም የአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ክብደቱ፣ 1.1 ግራም ይሁን። ያለ ክፍተት ቢሆን 2.2 ግራም ይመዝን ነበር እንበል። ተዳምጦ እፍግታው 1.6 ሲደርስ ውፍረቱ ወደ 69 ማይክሮን፣ ክፍተቱም ወደ 27 ከመቶ ይወርዳል። ክብደቱ ግን ያው ነው። ስለዚህ በዚያው የባትሪ ቀፎ ውስጥ ተጨማሪ ኤሌክትሮድ ይገባል፤ ቅንጣቶቹ ስለተቀራረቡም ኤሌክትሮኖች ያለ ብዙ ችግር ያልፋሉ።

ታዲያ ክፍተቱ እስኪጠፋ ለምን አይጫንም? ክፍተቱ ሥራ ስላለው ነው። ባትሪው ሲገጣጠም ኤሌክትሮላይት የሚባለው ፈሳሽ ቀዳዳዎቹን ይሞላል፤ የሊቲየም አዮኖች፣ ማለትም አዎንታዊ ሙል የያዙ አቶሞች፣ የሚጓዙት በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ነው። ጫና ሲበዛ መንገዱ ከመጥበቡም በላይ ይጠማዘዛል። የግራፋይት ቅንጣቶች ብዙውን ጊዜ ዝርግ ስለሆኑ ግፊቱ በፎይሉ ላይ ያስተኛቸዋል፤ አዮኑም ወደ ውስጥ ለመዝለቅ እያንዳንዱን መዞር አለበት። ባትሪው በዝግታ ቻርጅ ሲደረግ ጉዳቱ እምብዛም አይታይም። በፍጥነት ሲሆን ግን ውስጥ ያልደረሰው ሊቲየም ከላይ ብረት ሆኖ ይለጠፋል። ይህ የባትሪውን አቅም ይቀንሳል፤ ከባሰም ሾርት ሊያስከትል ይችላል።

ስለዚህ የእፍግታ ከፍተኛነት ብቻውን የጥራት መለኪያ ሊሆን አይገባም። ለረጅም ሰዓት ጥቂት ኃይል ለሚፈልግ መሣሪያ ጠበቅ ያለ፣ በአጭር ጊዜ ቻርጅ ለሚደረግ መኪና ደግሞ ላላ ያለ ኤሌክትሮድ ይመረጣል። ሁለቱን ለማስታረቅ ተመራማሪዎች የተዳመጠውን ልባስ በሌዘር እየበሱ ለአዮኖቹ ቀጥተኛ መተላለፊያ ይከፍታሉ፤ ክፍያው በሌዘሩ ተቃጥሎ የሚጠፋው ጥቂት ግራፋይት ነው።