ሬዲዮው የአርሶ አደሩንም ጥያቄ ይስማ

የአዊ ደጋ አፈር አሲዳማ መሆኑ ለአርሶ አደሩ አዲስ ወሬ አይደለም። ኖራ እንደሚያክመውም ተነግሮታል። ዳሩ ግን ኖራው ከዘር አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ ተበትኖ፣ በእርሻ ከአፈሩ ጋር ተቀላቅሎ እርጥበት ካላገኘ በወቅቱ አይሠራም። ምክሩ ከዘር በኋላ ከደረሰ የዘንድሮው ምርት አመለጠ ማለት ነው።

አንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ በሳምንት ውስጥ የቀበሌውን አባወራና እማወራ ሁሉ ደጅ አንኳኩቶ ሊጨርስ አይችልም። ሬዲዮ ግን በአንድ ምሽት ይደርሳል። ጥያቄው ምን ይዞ፣ በማን ቋንቋና በየትኛው ሰዓት ይደርሳል የሚለው ነው።

በሀገራችን የሬዲዮ ሥርጭት የተጀመረው በ1920ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ ነው። ለረጅም ዘመን ድምፁ የሚመጣው ከመሀል ሀገር ስለነበር አርሶ አደሩ ሰሚ እንጂ ተናጋሪ አልነበረም። በ1980ዎቹ መጨረሻ የአማራ ሬዲዮ ሥራ ሲጀምር ድምፁ ወደ ገጠሩ ቀረበ። ጣቢያው ከአማርኛ ሌላ በአዊኛ፣ በኽምጣናና በኦሮምኛ ያሰራጫል።

ቀጣዩን እርምጃ ያመጣው በ1999 ዓ.ም የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533 ነው። አዋጁ ከሕዝብና ከንግድ ብሮድካስት ጎን የማኅበረሰብ ብሮድካስትን አስቀመጠ። እንዲህ ያለው ጣቢያ ለትርፍ አይሠራም። ማኅበረሰቡን ከዕቅድ እስከ አስተዳደር ያሳትፋል፤ በማኅበረሰቡም ቋንቋ ያሰራጫል። የአዊ ማኅበረሰብ ሬዲዮ የዚህ ዓይነት ጣቢያ ነው። ስለዚህ የባንጃ ወይም የዳንግላ አርሶ አደር በጣቢያው ፊት እንግዳ ሳይሆን ባለቤት ነው።

ቅርበቱ ለምን እንደሚያስፈልግ የዞኑ መልክዓ ምድር ራሱ ይናገራል። ባንጃና ፋግታ ለኮማ ድንችና ገብስ የሚያበቅሉ ደጋዎች ናቸው። ጃዊ ሰሊጥ የሚመረትበት ቆላ ነው። ዳንግላ ላይ ከጉድጓድ ውኃ ስቦ አትክልት የሚያለማ ገበሬ አለ። ለአንዱ የድንች ምች መከላከያ አስቸኳይ ሲሆን፣ ሌላው የሰሊጥ አረም ያስጨንቀዋል። ለሁሉም በአንድ ቃል የሚነገር ምክር ለማንም አይሆንም።

የዲከረንስን ነገር እንውሰድ። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ብዙ አርሶ አደር ማሳውን በዲከረንስ ሸፍኖ ከከሰል ሽያጭ ሲተዳደር ቆይቷል። ዛፉ በአራትና በአምስት ዓመት ለከሰል ይደርሳል። በ2012 ዓ.ም ገደማ ግን ዝገት መሰል የፈንገስ በሽታ ገብቶ ተክሉን ያደርቅ ጀመር። በሽታው በነፋስ ይዛመታል። የመጀመሪያውን ምልክት የሚያየው ተመራማሪ ሳይሆን ማሳው ውስጥ የሚውለው ገበሬ ነው። በማግስቱ በሬዲዮ ቢናገር የጎረቤት ቀበሌ ችግኙን ይፈትሻል፤ ባለሙያውም ያለበትን ቦታ ያውቃል። ካልተናገረ ወሬው በገበያ ቀን በጭምጭምታ ይደርሳል።

ሬዲዮን ለብቻ መስማትና በማኅበር መስማትም ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1956 በሕንድ ፑና አካባቢ መንደርተኛው እየተሰበሰበ የግብርና ፕሮግራም ያዳምጥ፣ ይወያይና ጥያቄውን ለጣቢያው ይልክ ነበር። ጣቢያው በሚቀጥሉት ፕሮግራሞች መልስ ይሰጣል። አዊ ለዚህ እንግዳ አይደለም። በ1932 ዓ.ም የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር እስከ ዛሬ የዘለቀው ሕዝቡ በራሱ መደራጀት ስለሚያውቅ ነው። ዕድሩም፣ የልማት ቡድኑም የአድማጭ ቡድን ሊሆን ይችላል።

ከወረዳ የግብርና ጽሕፈት ቤቶች የሚጠበቀው ከባድ ወጪ አይደለም። የኖራ፣ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ሥርጭት ቀን ሳይዘገይ ለጣቢያው ይድረስ። መልስ የሚሰጥ ባለሙያ በስም ይመደብ፤ በአዊኛ የሚያስረዳ ቢሆን ይመረጣል። የኤፍ ኤም ሞገድን ተራራ ስለሚጋርደው ድምፁ የማይሰማባቸው ቀበሌዎች ተለይተው መልእክቱ በሌላ መንገድ ይላክ። ፕሮግራሙም ገበሬው ከማሳ፣ እናቶችም ከጓዳ ሥራ አረፍ በሚሉበት ሰዓት ይሁን።

አርሶ አደሩም የድርሻው አለው። ያየውን በሽታ፣ የሞከረውን ዘር፣ ያልደረሰውን ግብዓት ሳይውል ሳያድር ለጣቢያው ይንገር። መልስ ሳያገኝ ከቀረም ደግሞ ይጠይቅ። የመጪው መኸር የኖራ ጥያቄ ከዘር በፊት መልስ የሚያገኘው እንዲህ ሲሆን ነው።