ከጠርሙሱ ክዳን እስከ ዐስር ሶላት፦ ዘይት ሽቶ በገላችን ላይ



ይህ ጽሑፍ የመጣው ከአንድ ወንድማችን ብስጭት ነው። ሐሙስ ከሰዓት ገበያ ወርዶ ለጁምዓ የምትሆን አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ዘይት ሽቶ ገዛ። ሻጩ ክዳኑን ከፍቶ አፍንጫው ሥር አስጠጋለት፤ ሽታው ጣፋጭ ነበር፣ ዋጋውን ሳይከራከር ከፈለ። በማግስቱ ታጥቦ፣ ተቀብቶ ወጣ። ኹጥባው እስኪያልቅ ሁሉም ሰላም ነበር። ዐስር ላይ ግን አጠገቡ የቆመው ልጅ ጠጋ ብሎ «ላስቲክ የሚቃጠል አይሸትህም?» አለው። የሚሸተው እሱ ራሱ ነበር።

ስቀንበታል። ከሳቁ በኋላ ግን የያንዳንዳችንን ሻንጣ ብንፈትሽ እንዲህ ተገዝተው የተጣሉ ጠርሙሶች ወጡ። ስለዚህ ለጥቂት ሳምንታት በእጃችን ያሉትን ዘይት ሽቶዎች (ዒጥር የምንላቸውን) ሰብስበን በየገላችን እየሞከርን ማስታወሻ ያዝን። እህቶቻችንም በዶርማቸው የየራሳቸውን ሙከራ አድርገው ወረቀቱን ልከውልናል። ያየነው ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ ሽቶን ጠርሙሱ ላይ አሽትቶ ማወቅ አይቻልም፤ የሚታወቀው ገላ ላይ፣ ያውም ከሰዓታት በኋላ ነው።

ምክንያቱ ከባድ አይደለም። በየሱቁ የሚረጨው ሽቶ አብዛኛው አልኮል ነው፤ አልኮሉ በደቂቃዎች ውስጥ ሲተን መዓዛውን ይዞ ወደ አየር ይበተናል፣ ክፍሉን በሙሉ ይሞላል። ዘይት ሽቶ ውስጥ አልኮል የለም። መዓዛው በዘይት ታስሮ ቆዳ ላይ ይተኛና የገላ ሙቀት ቀስ እያለ ይፈታዋል። ቀላሎቹ ሽታዎች፣ ማለትም የሎሚና የአበባ ዓይነቶቹ፣ ቀድመው ይሄዳሉ። ከባዶቹ፣ የእንጨት፣ የሙጫና የሚስክ ዓይነቶቹ፣ ወደ ማታ ይቀራሉ። ክዳኑ ሲከፈት ያሸተትነው ቀድሞ የሚሄደውን ብቻ ነው። ሻጭ ይህን ያውቃል፤ ርካሽ ሽቶ ፊቱ ያማረ፣ ሆዱ ባዶ የሚሆነውም ለዚህ ነው። የአልኮሉን ኺላፍ እዚህ አናነሳውም፤ ዘይቱን የመረጥነው ልባችን ስለሚረጋበት ነው።

የመጀመሪያው ሙከራችን ከሸፈ። ሁላችንም እንደለመድነው አንጓችን ላይ ቀባን። ዙህር ደረሰ፣ ዉዱእ አደረግን፣ ሽታው ሄደ። እጅ እስከ ክርን እየታጠበ በየሶላቱ መካከል የሚነጻጸር ነገር አይተርፍም። (የተቀባው ዘይት ዉዱእን ይከለክላል ወይ ብሎ የጠየቀን ነበር። ቆዳ ላይ ንብርብር ሆኖ ውኃ የሚከለክል አካል ከሌለው ጉዳት እንደሌለው ፉቀሃዎቹ ጽፈዋል፤ ውኃው በላዩ መንሸራተቱ ብቻ ችግር አይደለም።) ከዚያ ከክርን በላይ፣ በክንዳችን ውስጠኛ ክፍል መቀባት ጀመርን። በአንድ ክንድ አንድ ዓይነት ብቻ፣ ጠብታ ሳይሆን የስንደዶ ጫፍ የሚያህል፣ ሳናሽ። ሰዓታችን ሶላት ሆነ፦ ከፈጅር በኋላ ይቀባል፣ ዙህር ላይ ይሸተታል፣ ዐስርና መግሪብ ላይ ይደገማል። ቀላል ሳሙና ይመረጣል፤ ጠንካራ ሽታ ያለው ሳሙና ግማሹን ውጤት ያበላሻል።

አንድ ነገር እግረ መንገዳችንን እናንሳ። ሽቶ ሻጮች አፍንጫ ሲደክም ቡና አሽትት ይላሉ። እኛ ደግሞ ያለነው ከፋ ነው፤ ቡና ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። ግን አልጠቀመንም። በዚህ ላይ የተደረገ ሙከራም ቡና ማሽተት ንጹሕ አየር ከመሳብ እንደማይበልጥ አሳይቷል። እንዲያውም ጎረቤት ቡና ሲቆላ የጀመርነውን ትተን ነው የምንወጣው። ወጣ ብሎ መመለስ፣ ወይም የራስን እጅጌ ማሽተት ይበቃል።

አሁን ወደ ጠርሙሶቹ።

ነጭ ሚስክ የሚባለው ከሁላችንም ዘንድ ነበር። በጠርሙሱ የታጠበ ጨርቅ ይመስላል፤ ገላ ላይ ደግሞ ለስላሳ፣ ትንሽ ጣፋጭ፣ እስከ መግሪብ የሚቆይ። ሁለታችን ግን ምንም አልሸተተንም። ምንም! ሌሎቹ «እንዴት አይሸታችሁም?» እያሉ ክንዳቸውን አፍንጫችን ላይ ሲጭኑ እንኳ ባዶ አየር ነበር። ኋላ ላይ ስናነብ፣ የሚስክ ቅንጣቶች ትልልቅ በመሆናቸው የተወሰነውን ዓይነት ጨርሶ የማያሸቱ ሰዎች ብዙ እንደሆኑ አወቅን። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የማይሸተው ሰው «አልያዘም» ብሎ ደጋግሞ ይቀባል፣ ጎረቤቱ ይታፈናል።

ለመሆኑ ይህ ሚስክ ሚስክ ነው ወይ? ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከሽቶዎች ሁሉ ምርጡ ብለው የጠሩት ሚስክ በሂማላያ አካባቢ ከሚኖር የአጋዘን ዘር ከረጢት የሚገኘው ነው። እንስሳው ዛሬ በዓለም አቀፍ ስምምነት የተጠበቀ ነው፤ በእኛ ዋጋ የሚሸጠው ሁሉ የቤተ ሙከራ ሥራ ነው። የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ ሚስክ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1888 ሲሆን አልበርት ባወር የተባለው ኬሚስት ይፈልግ የነበረው ሽቶ ሳይሆን ፈንጂ ነበር። ሰው ሠራሽ መሆኑ ነውር አይደለም፤ ነውሩ «ንጹሕ የአጋዘን ሚስክ» ብሎ መሸጡ ነው።

ወርድ፣ ማለትም ጽጌረዳ፣ በጣም ለያየን። በአንዱ ላይ እውነተኛ አበባ፣ በሌላው ላይ የሻይ ቤት ሽሮፕ። እውነተኛው የጽጌረዳ ዘይት 1 ኪሎ እንዲወጣ ከ3,000 ኪሎ ያላነሰ አበባ ስለሚጠይቅ፣ በመቶ ምናምን ብር የሚገኘው ምን እንደሆነ ራሳችሁ አስሉ። ሰንደል ጸጥ ያለ ነው፤ መጀመሪያ ቅር አሰኝቶን ነበር፣ ዐስር ላይ ግን ከሁሉም እሱ ተወደደ። ሕንዶቹ ከጥንት ጀምሮ ሌሎች አበባዎችን በሰንደል ዘይት ላይ ማጥመዳቸው ያለ ነገር አይደለም።

ዑድ ደግሞ የቦንጋን ብርድ አይወድም። ዝናብ በያዘው ጧት ተቀብተን ምንም አልተሰማንም፤ ዳገት ወጥተን፣ ጃኬት ለብሰን፣ የሞላ ክፍል ውስጥ ስንቀመጥ ግን ድንገት እንደ ጭስ ተነሣ። ሻጋታ የያዘው የእንጨት ልብ ሙጫ ነው፤ ዛፉ የሚበቅለው በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። ለብርድ አገር አንድ ንክኪ ይበቃል ብሎ የጻፈው ወንድማችን ትክክል ነበር፤ ሦስት ንክኪ አድርጎ የመጣው ግን ጉድ ሠራን። በዚያ ጁምዓ አስም ያለበት ልጅ ከሰልፉ ወጥቶ በር ላይ ሰገደ። ማንም አልተናገረም፤ እሱም አላማረረም። እኛ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ሶላት ክፍል ስንመጣ ሞቆ የሚነሣውን አስበን እንቀባለን። ነጭ ሽንኩርት የበላ ከመስጂድ እንዲርቅ የታዘዘው አጠገቡ ያለው ሰው እንዳይታወክ አይደል? ሽቶ ሱንና ነው ማለት ሰውን የሚያፍን ሽቶ ሱንና ነው ማለት አይደለም።

የእህቶቻችን ወረቀት ከእኛ የሚሻለው በዚህ ነው። ሽቶ ተቀብቶ ባዕድ ወንዶች ወዳሉበት መውጣትን የከለከለውን ሐዲስ ስለሚያውቁ የሞከሩት በክፍላቸው፣ ሌሊት፣ በትንሹ ነው። «ቫዝሊን ከሥር ከተቀባ ይቆያል» ብለው የጻፉትን ሞክረነዋል፤ እውነት ነው። ደረቅ ቆዳ ሽቶን ይጠጣል። ከመካከላቸው አንዷ ደግሞ ክንዷ ቀልቶ አሳክኳታል፤ ስለዚህ አዲስ ዘይት መጀመሪያ በነጥብ ያህል ተቀብቶ አንድ ቀን ቢጠበቅ ይሻላል።

የመጨረሻው ሙከራ ያልጠበቅነው ነበር። የአንዱ ወንድማችን አያት ከሊሙ በኩል በላስቲክ የተጠቀለለች፣ የቆሎ ፍሬ የማታህል ዝባድ ላኩልን። ላስቲኩ ሲፈታ ግማሾቻችን ወደ መስኮት ሮጥን። የፍየል በረት፣ የቆየ ቅቤ፣ ከዚያም የባሰ! አያት ግን በስልክ «እንዲሁ አይቀባም ልጆቼ፤ በዘይት አቅጥኑት፣ ሦስት ቀን አስቀምጡት» አሉን። በሰንደል ዘይት ውስጥ በመርፌ ጫፍ ያህል አሟሟነው። በሦስተኛው ቀን ክንዳችን ላይ የነበረው ሌላ ነገር ነበር፦ ሞቃት፣ ማር ማር የሚል፣ እንደ ንጹሕ ፀጉር። የሰንደሉም ዕድሜ ረዘመ፤ በማግስቱ ፈጅር ላይ እንኳ አልጠፋም። ጠርሙስ ላይ አሽትተን ቢሆን ኖሮ ያን ቀን በመስኮት በወረወርነው ነበር።

ዝባድ ከጥርኝ የሚገኝ ቅባት ነው። ጥርኝ በዱር ሳለ ግንድና ድንጋይ ላይ እየቀባው ያልፋል፤ ሰው ግን ወንዱን ይዞ በጠባብ የእንጨት ጎጆ ያኖረውና ከጅራቱ ሥር ካለው ከረጢት እየፋቀ በከብት ቀንድ ያጠራቅመዋል። አሁን የተቀመጥንባት ቦንጋ በከፋ ነገሥታት ዘመን፣ ግዛቱ እ.ኤ.አ. በ1897 ከመያዙ በፊት፣ የሩቅ ነጋዴዎች የሚደርሱባት ገበያ ነበረች። ጀበርቲ ሙስሊም ነጋዴዎች የከፋንና የእናርያን ዝባድ፣ ቡና፣ ኮረሪማና የዝሆን ጥርስ ይዘው በጎጃም ባሶ፣ በጎንደር አድርገው ምጽዋ ያደርሱት ነበር። በዚያው መንገድ ባሪያም ይነዳ ነበር፤ የሽቶውን ታሪክ ስንናገር ያንን ቆርጠን አንጥልም። ቃሉም በዐረብኛ ዘባድ ነው፤ አውሮፓውያን ለእንስሳውም ለቅባቱም የሰጡት ስም ከዚሁ የወጣ ነው። የመዓዛውን ዋና ቅንጣት ባህርይ እ.ኤ.አ. በ1926 የደረሰበት ሌዎፖልድ ሩዚችካ፣ ይህንና መሰል ሥራዎቹን ተከትሎ በ1939 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ዛሬ ብዙዎቹ ሽቶ አምራቾች የሚጠቀሙት በቤተ ሙከራ የተሠራውን ነው።

ከሁሉ ያስደሰተን ግን ሌላ ነው። ኢብኑ ሰዕድ ባስተላለፉት ዘገባ፣ እናታችን ኡሙ ሐቢባ (ረ.ዐ) በሐበሻ ሳሉ ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ኒካሕ በታሰረላቸው ጊዜ፣ የነጃሺ ሚስቶች ዑድ፣ ወርስ፣ ዐንበርና ብዙ ዝባድ ልከውላቸው ነበር። ይዘውት መዲና ገቡ፤ ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) በሳቸው ላይ እያዩት አልተቃወሙም ይላል። ዘገባው የመጣው በአል-ዋቂዲ በኩል ነው፤ የሐዲስ ሊቃውንት እሳቸውን ደካማ ስለሚሏቸው ለሕግ ማስረጃ አናደርገውም፣ እንደ ሲራ ነው የምንተርከው። ስለ ሕጉ ኢማም አን-ነወዊ በአል-መጅሙዕ ውስጥ ዝባድ ጧሂር እንደሆነ፣ መሸጡም እንደሚቻል ጽፈዋል። ብዙውን ጊዜ የእንስሳው ፀጉር ስለሚቀላቀልበት ግን ከፀጉሩ መጠንቀቅ ይገባል ብለዋል። እኛም ከማቅጠናችን በፊት በብርሃን አይተን ሁለት ፀጉር አውጥተናል።

እዚህ ላይ ግን ዝም ብለን ማለፍ አልቻልንም። ጎጆው ጠባብ ነው፤ እንስሳው የሚዞርበት ቦታ እንዳይኖረው ተደርጎ ነው የሚሠራው፣ ሲፋቅም ይታገላል። ድመት አስራ ሳታበላ፣ ሳትለቃትም ስለቀረችው ሴት የመጣውን ሐዲስ ሁላችን እናውቀዋለን። የጥርኝ አርቢዎች ገንፎና ሥጋ ያበላሉ፤ ስለዚህ ነገሩ አንድ ነው አንልም፣ ፈትዋ መስጠትም የእኛ ቦታ አይደለም። ከመካከላችን ሁለቱ ግን አያትን ስለ ጎጆው ስፋት እስኪጠይቁ ድረስ ዝባዱን አንቀባም ብለዋል። አንዱ ደግሞ ጥርኝ በዱር ግንድ ላይ የቀባውን መሰብሰብ ይቻላል ወይ ብሎ ለመጠየቅ ከጫካው አጠገብ ወዳሉ ቀበሌዎች ሊሄድ አስቧል። መልሱን ይዘን እንመለሳለን ኢንሻአላህ።

የቀጠነው ዝባድ ትንሽ ተርፏል። ማሽተት የሚፈልግ ወንድም ሐሙስ ከዐስር በኋላ ይምጣ፤ ለእህቶች ከፍለን ልከናል። ስንደዶ የራሳችሁን ያዙ፣ እጅጌያችሁንም ከክርን በላይ ሰብስቡ።