ነገ በረዶ ይጥላል ወይ? ከሬክስዴል ጓሮ የተማርኩት

ባለፈው ዓመት ጃንዋሪ፣ አንድ እሑድ ማታ በማኅበራችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ሐሙስ 30 ሳንቲሜትር በረዶ ይመጣል፤ ተዘጋጁ!» ብዬ ለጠፍኩ። ከሥሩም ቶሮንቶን በሐምራዊ ቀለም የሸፈነ ካርታ አያያዝኩ። ብዙ ሰው ተቀባበለው። በኤርፖርቱ አካባቢ መጋዘን ውስጥ ሌሊት የምትሠራ አንዲት እኅታችን መልእክቴን አምና የረቡዕ ሌሊት ሽፍቷን ለሌላ ሰው ሰጠች።

ሐሙስ ጠዋት ወጥቼ ስለካ የወረደው 3 ሳንቲሜትር ነበር።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ተስቆበት ባለፈ። እኅታችን ግን የቀረባትን ገንዘብ ለማካካስ የቅዳሜን ሽፍት ወሰደች። ቅዳሜ ንጋት ላይ -18 ዲግሪ ነበር፤ ነፋሱም በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ይነፍስ ነበር። በስስ ጓንት አውቶቡስ ስትጠብቅ የሁለት ጣቶቿ ጫፍ ነጭ ሆኖ ደነዘዘ። ደግነቱ ሳይብስባት ዳነች። በኋላ ስታገኘኝ የጠየቀችኝ ስለ ሽፍቱ አልነበረም። «ሳምንቱን ሙሉ በረዶ በረዶ ስትል፣ ስለ ብርዱ ምነው ዝም አልክ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። የቅዳሜው ብርድ እኮ በዚያው እሑድ ማታ ባየሁት ትንበያ ላይ ነበር። በረዶው ግን ስለሚያጓጓ ዓይኔን ወሰደው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚያ ጥያቄ መልስ እንዲሆን ነው።

ስሙም ያደናግራል

አገር ቤት ክረምት ማለት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው የዝናብ ወቅት ነው። እዚህ ደግሞ ክረምት ስንል ዲሴምበርን እስከ ማርች ማለታችን ነው። በረዶም እንዲሁ ነው። ባደግንበት አገር በረዶ ቆርቆሮ እየደበደበ የሚወርድ ጠጠር ነው፤ የሬክስዴሉ ግን ድምፅ የለውም። ሰው ተኝቶ አድሮ መጋረጃ ሲገልጥ ነው የሚያገኘው። ለዚህ የሚቀርበው የድሮ ቃላችን «አመዳይ» ነበር፤ ዛሬ ብዙ ሰው አይጠቀምበትም።

ቢሆንም አባቶቻችን በረዶን አያውቁትም ማለት አይደለም። በ6ኛው መቶ ዘመን ኮስማስ የተባለ ነጋዴ አዱሊስ ላይ የገለበጠው የድንጋይ ጽሑፍ፣ አንድ ስሙ ያልታወቀ የአክሱም ንጉሥ ወደ ሰሜን ተራሮች ሲዘምት ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት በረዶ እንደነበረ ይናገራል። የቤቴ አከራይም የዚያው አገር ሰው ናቸው፤ ደባርቅ ነው ያደጉት። እትዬ ነው የምላቸው። ብርድን በማወቅ ከእኔ ካርታዎች ይበልጡኛል።

ብርዱ ቀድሞ ይታያል

አንድ ማታ እትዬ ቆሻሻ ሊጥሉ ወጥተው ሰማዩን አዩና «ልጄ፣ ነገ ጆሮህን ሸፍን። ሰማዩ ጠርቷል፣ ነፋሱም አርፏል፤ ይህ የውርጭ ሌሊት ነው» አሉኝ። በማግስቱ ጠዋት ስልኬ ካሳየው በ4 ዲግሪ የበለጠ ብርድ ሆኖ አገኘሁት።

ምክንያቱ ደባርቅም ሬክስዴልም አንድ ነው። መሬት ቀን ያገኘችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትመልሳለች። ደመና ካለ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ የተወሰነውን ይይዝላታል። ሰማዩ ከጠራ፣ አየሩ ከደረቀና ነፋስ ከሌለ ግን ሙቀቱ ሁሉ ይሄዳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ የሚበዛው ለዚህ ነው። እዚህ ደግሞ አዲስ በረዶ መሬቱን ሲሸፍነው፣ ከታች ያለው ሙቀት ወደ ላይ እንዳይወጣ ስለሚከለክል ከላይ ያለው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል።

ይህ የአንድ ሌሊት ብርድ ነው። ለቀናት የሚቆየው ከባዱ ብርድ ከአርክቲክ የሚወርድ ሰፊ የአየር ክምችት ነው። ስፋቱ ብዙ ጊዜ ከኢትዮጵያ ይበልጣል። ትልቅ ስለሆነም ከሩቅ ይታያል፤ የትንበያ ሞዴሎቹም ብዙውን ጊዜ ከ4 እና ከ5 ቀን በፊት ይስማሙበታል። ምልክቶቹም ለዓይን ግልጽ ናቸው፦ ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ነፋሱ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይዞራል፤ የአየር ግፊቱ ይጨምራል፤ ደመናው ይገፈፋል። በረዶ ጥሎ ሰማዩ ሲጠራ «አለፈ» የሚል ሰው ተሳስቷል፤ ብዙ ጊዜ ከባዱ የሚጀምረው ያኔ ነው።

ወቅቱን ለማስታወስ ደግሞ ለእኛ የሚቀል መንገድ አለ። የቶሮንቶ ብርድ በአማካይ የሚጠነክረው በጃንዋሪ ሁለተኛ አጋማሽ ነው፤ ይህም ጥምቀት የሚውልበት ሰሞን ነው። በፒርሰን ኤርፖርት ጣቢያ ከተመዘገበው ሁሉ ዝቅተኛው -31.3 ዲግሪ ሲሆን፣ የተመዘገበውም ጃንዋሪ 4 ቀን 1981 ነው።

ዊንድ ችል ምንድን ነው?

ነፋስ ከገላችን አጠገብ ያለውን ስስ የሞቀ አየር ይጠርገዋል፤ ስለዚህ ሰውነት ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። ዊንድ ችል የምንለው ቁጥር ይህንኑ ይገልጻል። ካናዳ ዛሬ የምትጠቀምበት ስሌት በ2001 ሥራ ላይ ሲውል የተፈተነው እዚሁ ጎረቤታችን ዳውንስቪው ባለ የመከላከያ የምርምር ተቋም ነው። 12 ፈቃደኞች ፊታቸው ላይ የሙቀት መለኪያ ተለጥፎላቸው፣ በቀዘቀዘ የነፋስ ክፍል ውስጥ ባለ ትሬድሚል ላይ እንዲራመዱ ተደርጓል።

የእኅታችን ቅዳሜ በዚህ ስሌት ሲሠራ -18 ከ25 ኪሎ ሜትር ነፋስ ጋር -29 ይሆናል። ከ-28 በታች ሲሆን ያልተሸፈነ ቆዳ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ሊቀዘቅዝና ሊጎዳ ይችላል። አንድ የዘገየ አውቶቡስ ለዚህ ይበቃል ማለት ነው። በደቡብ ኦንታሪዮ የብርድ ማስጠንቀቂያ የሚወጣው ግን ሙቀቱ ወይም ዊንድ ችሉ -30 ደርሶ ቢያንስ 2 ሰዓት ይቆያል ተብሎ ሲጠበቅ ነው። ያ ቅዳሜ ለ1 ዲግሪ ተርፎ አለፈ። ማስጠንቀቂያ አልወጣም ማለት ጣት አይጎዳም ማለት አይደለም።

ጣት ነጭ ሆኖ ከደነዘዘ አይታሽም፣ እሳት ወይም ማሞቂያ ላይም አይደረግም። ወደ ቤት ገብቶ ለብ ባለ ውሃ ቀስ እያሉ ማሞቅ ነው፤ ስሜቱ ካልተመለሰ ሐኪም ጋ መሄድ ያስፈልጋል።

በረዶው ለምን ያሳስታል?

የእኔን 30 ሳንቲሜትር ወደ 3 ያወረደው ምንድን ነው? ሦስት ነገሮችን ልጥቀስ።

አንደኛው መንገዱ ነው። ከባድ በረዶ የሚያመጡብን ማዕበሎች ብዙ ጊዜ ከኮሎራዶና ከቴክሳስ ወገን ተነሥተው ወደ ታላላቆቹ ሐይቆች የሚወጡት ናቸው። ማዕበሉ 100 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ቢያፈነግጥ በረዶው ለኒው ዮርክ ግዛት ይደርሳል፤ ወደ ሰሜን ቢያፈነግጥ ደግሞ በእኛ ላይ ዝናብ ይሆናል። ከ4 ቀን በፊት 100 ኪሎ ሜትር መሳሳት ለማንኛውም ሞዴል የተለመደ ነው። የእኔው በደቡብ በኩል አለፈና ጫፉ ብቻ ነካን። ከኋላው የተከተለው የአርክቲክ አየር ግን አልሳተንም።

ሁለተኛው የበረዶው ዓይነት ነው። በግምት 1 ሚሊ ሜትር ውሃ 1 ሳንቲሜትር በረዶ ይሆናል ይባላል። ነገር ግን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ የሚወርደው እርጥብና ከባድ ሲሆን፣ በብርድ የሚወርደው እንደ ባዘቶ የሳሳ ነው። ስለዚህ ያው 20 ሚሊ ሜትር ውሃ አንድ ቀን 16 ሳንቲሜትር፣ ሌላ ቀን 30 ሳንቲሜትር ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ከላይ ያለው አየር ነው። መሬት ላይ ከዜሮ በታች ሆኖ፣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሞቅ ያለ አየር ከገባ በረዶው እዚያ ይቀልጥና ዝናብ ሆኖ ወርዶ የነካው ነገር ላይ ይጋገራል። በዲሴምበር 2013 የሆነው ይህ ነው። በቶሮንቶ ወደ 300,000 የሚጠጉ የመብራት ደንበኞች ጨለማ ውስጥ ገብተው ነበር፤ አንዳንዶቹ የፈረንጆቹን ገና ያለ መብራት አሳልፈዋል።

ሬክስዴል ዳውንታውን አይደለም

በስልካችን ላይ «ቶሮንቶ» የሚለው ቁጥር የትኛው ቶሮንቶ ነው? የኦንታሪዮ ሐይቅ ጥልቅ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ መቀዝቀዙ ብርቅ ነው፤ ስለዚህ በዲሴምበር ዳርቻውን ያሞቃል። እኛ ከሐይቁ ራቅ ብለን፣ ወደ 100 ሜትር ገደማ ከፍ ብለን ነው ያለነው። ዳውንታውን በዝናብ ሲረጥብ፣ ኪፕሊንግና ፊንች ላይ በረዶ ሲቆለል ያየሁት ብዙ ጊዜ ነው። የጠራ ሌሊት ሲሆንም የእኛ ብርድ ይብሳል።

አንዳንዴ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ጃንዋሪ 17 ቀን 2022 ነፋሱ ሐይቁን ተሻግሮ ከምሥራቅ ስለመጣ፣ በፒርሰን ከ30 ሳንቲሜትር በላይ ሲወርድ ለሐይቁ የቀረቡ ሠፈሮች ከዚያም የበለጠ አገኙ። ስለዚህ ለሬክስዴል ነዋሪ የሚሻለው የፒርሰንን ቁጥር ማየት ነው፤ ጣቢያው አጠገባችን ነው።

ጣውላና ማስመሪያ

ከዚያ ስሕተት በኋላ ካርታ መለጠፍ አቁሜ መለካት ጀመርኩ። እትዬ በጓሮው አንድ ጥግ ፈቀዱልኝ። የሚያስፈልገው ጎኑ 40 ሳንቲሜትር ያህል የሆነ ነጭ የተቀባ ጣውላና ማስመሪያ ነው። ጣውላው ከአጥርና ከዛፍ ራቅ ይላል። ጠዋት በአንድ ሰዓት፣ ማለትም በፈረንጆቹ 7 ሰዓት፣ ሦስት አራት ቦታ ለክቼ አማካዩን እጽፋለሁ፤ ከዚያ ጣውላውን ጠርጌ እመልሰዋለሁ። እትዬ መጀመሪያ «ይህ ልጅ ሊጥ ሊዳምጥ ነው?» ብለው ሳቁ። አሁን ስዘገይ በሩን የሚያንኳኩት እሳቸው ናቸው።

ይህ ጨዋታ ብቻ አይደለም። የካናዳ የአየር ሁኔታ አገልግሎት በ1871 ሲመሠረት የቆመው በበጎ ፈቃደኛ ለኪዎች ላይ ነው። ዛሬም ኮኮራስ የሚባል፣ በ1998 በኮሎራዶ ተጀምሮ ካናዳ የደረሰ የበጎ ፈቃደኞች መረብ አለ፤ ተራ ሰዎች ዝናብና በረዶ ለክተው ያስገባሉ። በረዶ ከሠፈር ሠፈር ስለሚለያይ የኤርፖርቱ መለኪያ ብቻውን አይበቃም።

መለካት ለእኔ ያደረገልኝ ሌላ ነገርም አለ። የተነበየውንና የወረደውን ጎን ለጎን የሚጽፍ ሰው መኩራራት አይችልም። ደብተሬ ላይ ያለው ነገር ግልጽ ነው፦ ከ4 ቀን በፊት የተባለ ብርድ አብዛኛውን ጊዜ መጥቷል፤ ከ4 ቀን በፊት የተባለ የበረዶ መጠን ግን እምብዛም አልሠመረም።

ለግሩፑ ሲጻፍ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ስለዚህ ለራሴ ያወጣሁትን ደንብ ለእናንተም ላካፍል።

ከ5 ቀን በላይ ለሚርቅ በረዶ ቁጥር አልጽፍም፤ «ማዕበል ሊኖር ይችላል» ብቻ እላለሁ። ከ2 ቀን በፊት «ከ5 እስከ 15» እያልኩ ግራና ቀኙን እሰጣለሁ። ማዕበሉ ሊገባ 24 ሰዓት ሲቀረው የካናዳን የአየር ሁኔታ መሥሪያ ቤት ማስጠንቀቂያ እንዳለ አስተላልፋለሁ፤ ለበረዶ ማስጠንቀቂያ የሚወጣው በ12 ሰዓት ውስጥ 15 ሳንቲሜትር ወይም ከዚያ በላይ ሲጠበቅ ነው። አንድ ሞዴል ብቻ ያወጣውን ካርታ አልለጥፍም፤ የአሜሪካው፣ የአውሮፓውና የካናዳው ካልተስማሙ አለመስማማታቸው ራሱ ዜና ነው።

ብርዱን ግን ቀድሜ እጽፋለሁ፤ ሰዓቱን፣ ዊንድ ችሉን፣ ያልተሸፈነ ቆዳ በስንት ደቂቃ እንደሚጎዳ። ከዚህ ጋር ቤዝመንት ለሚከራዩ አዲስ ተማሪዎች አንድ ነገር እጨምራለሁ። ማሞቂያው በአከራዩ እጅ ከሆነ፣ የከተማው ደንብ በብርድ ወራት ቤቱ ቢያንስ 21 ዲግሪ እንዲሆን ያዛል፤ ካልሆነ 311 ይደወላል።

ዘንድሮ በጥምቀት ሳምንት ብርድ ሲመጣ ከ4 ቀን በፊት ጻፍኩ። በረዶ ስላልነበረው ብዙም ሰው አልተቀባበለውም። ያቺ እኅታችን ግን አንድ ፎቶ መለሰችልኝ፤ ወፍራም ጓንት ያደረገ እጅ፣ ከኋላው የአውቶቡስ ፌርማታ። ከዚያ በኋላ በግሩፑ ላይ የጻፍኩት ነገር ይህን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጆሯችሁን ሸፍኑ።