ነፍሰ ጡሯን ማሰናበት ሕጉ ከልክሏል፤ የክሱ ጊዜ ግን አጭር ነው

ደብረ ብርሃን ዛሬ የፋብሪካ ከተማ ናት። ብርድ ልብስ፣ ቢራና ልብስ ይመረትባታል፤ ሥራ ፍለጋም ከአንኮበርና ከሌሎች የሰሜን ሸዋ ወረዳዎች ብዙ ወጣት ሴቶች ይመጡባታል። ከእነዚህ መካከል ትዳር የምትመሠርት፣ የምታረግዝ ትኖራለች። «ሆዴ ገፍቶ ሲታይ ያሰናብቱኝ ይሆን?» ብላ የምትሰጋ ሠራተኛ መልሱን አስቀድማ ማወቅ አለባት።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 26 እርግዝና የሥራ ውል ለማቋረጥ ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን ይደነግጋል። በአንቀጽ 87 መሠረት ደግሞ አሠሪ ሠራተኛዋን በእርግዝናዋ ወቅትና ከወለደች በኋላ ባሉት አራት ወራት ሊያሰናብታት አይችልም። የወሊድ ፈቃዷም ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ነው፤ ደመወዟ አይቋረጥም።

ጥበቃው ግን ገደብ አለው። ከእርግዝናው ጋር ያልተያያዘ ከባድ ጥፋት፣ ለምሳሌ ስርቆት ወይም ማጭበርበር፣ ከተረጋገጠባት ልትሰናበት ትችላለች። የሠራተኛ ቅነሳ ሲመጣ ነፍሰ ጡሯ የምትነካው በመጨረሻ ነው።

በእርግዝናዋ ምክንያት የተባረረች ሠራተኛ ወደ ሥራዋ የመመለስ መብት አላት። መመለስ ካልፈለገች ካሣ ትጠይቃለች። ለምሳሌ ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠረች፣ አምስት ዓመት የሠራችና በወር 3,000 ብር የምታገኝ ሠራተኛን እንውሰድ። የቀን ደመወዟ 100 ብር ነው። ካሣዋ የ180 ቀን ደመወዝ፣ ማለትም 18,000 ብር ይሆናል። የሁለት ወር የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ 6,000 ብር ይጨመርበታል። የሥራ ስንብት ክፍያ የሚገባት ከሆነ፣ ለመጀመሪያው ዓመት 3,000፣ ለቀሩት አራት ዓመታት በየዓመቱ 1,000 ተደምሮ 7,000 ብር ታገኛለች። ጠቅላላው 31,000 ብር ነው።

ይህን መብት ብዙ ጊዜ የሚያሳጣው አንዲት ወረቀት ላይ የሚያርፍ ፊርማ ነው። «በገዛ ፈቃዴ ለቅቄአለሁ» የሚል የተዘጋጀ ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ፣ «ከወለድሽ በኋላ እንጠራሻለን» የሚል ማባበያ ይከተለዋል። የፈረመች ሠራተኛ ተባርሬአለሁ ብላ መከራከር ይከብዳታል። ስለዚህ አትፈርሚ፤ የስንብት ደብዳቤ በጽሑፍ ጠይቂ። የቅጥር ውልሽን፣ የደመወዝ ማስረጃሽን፣ የሥራ መታወቂያሽን ኮፒና እርግዝናሽን የሚያሳየውን የሕክምና ወረቀት በአንድ ላይ አስቀምጪ።

ሌላው ጠላት ጊዜ ነው። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ ውሉ ከተቋረጠ ከሦስት ወር በኋላ በይርጋ ይታገዳል። ከስንብቱ የሚመነጭ የገንዘብ ጥያቄ ስድስት ወር ነው ያለው። አራስ ቤት ሦስት ወር ሳይታወቅ ያልፋልና፣ ባልም ሆነ እናት ቀኑን ሊቆጥሩላት ይገባል። ክሱ የሚቀርበው ለፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ሲሆን የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅበትም።

የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ነው። በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶቻችንም ከዚህ አዋጅ ውጭ ናቸው፤ ይህም በሕግ አውጪው ላይ ያለ ዕዳ ነው። በፋብሪካም ሆነ በሆቴል ተቀጥራችሁ የምትሠሩ እህቶች፣ ከተሰናበታችሁ በዚያው ሳምንት የሠራተኛ ማኅበራችሁን ወይም የሕግ ባለሙያ አማክሩ።