የጉና ዳገትና ሁለት መኪኖች

ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦርና በክምር ድንጋይ በኩል ጋይንት የሚገባ ሾፌር ይህን በእግሩ ያውቀዋል፤ ፎገራ ሜዳ ላይ ስትከንፍ የነበረች መኪና የጉናን ጥግ ስትይዝ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ቢረግጡላትም አትላወስም። ምክንያቱ ዳገቱ ብቻ አይደለም፤ አየሩም ሳስቷል።

ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ፣ የጋይንቷ ነፋስ መውጫ ደግሞ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በወጉ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ስለሚፈልግ፣ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። ካርቡራቶር ባላቸው መኪኖች ይብሳል፤ ቤንዚኑ ከአየሩ ጋር ስለማይመጣጠን ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ይወጣል።

እስቲ ሁለት መኪኖችን እናወዳድር። አንዷ እ.ኤ.አ. በ1986 መመረት የጀመረችው ቢኤምደብሊው ኤም 3 ናት፤ ለእሽቅድምድም ታስባ የተሠራች፣ ባለ 2.3 ሊትር፣ 200 የፈረስ ጉልበት። ሌላዋ እ.ኤ.አ. የ2016ቷ ሆንዳ ሲቪክ፣ ልጆችና ሻንጣ የምትጭን የቤት መኪና ናት፤ 1.5 ሊትር፣ 174 የፈረስ ጉልበት። በዚያ ላይ ከኤም 3 በ100 ኪሎ ገደማ ትከብዳለች። ወረቀት ላይ አሮጌዋ ታሸንፋለች። ያ ወረቀት ግን የተጻፈው ለቆላ አየር ነው።

ነፋስ መውጫ ላይ ኤም 3 ወደ 60 የሚጠጋ የፈረስ ጉልበት ታጣለች። ሲቪክ ግን ቱርቦ አላት፤ ቱርቦ እንደ ቀጥቃጭ ወናፍ ነው። በጭስ ማውጫው ሊባክን የነበረው ትኩስ ጋዝ አንድ መዘውር ያዞራል፤ እሱም በዚያው ዘንግ ላይ ያለውን ሌላ አዙሮ አየሩን እያመቀ ወደ ሞተሩ ይገፋል። አየሩ ሲሳሳ ኮምፒውተሩ ቱርቦውን ይበልጥ ያፈጥነዋል። ምንም አይጎድልባትም ማለት አይደለም፤ አየር ሲታመቅ ይግላል፣ ቱርቦውም የፍጥነት ጣሪያ አለው። ጉድለቷ ግን ከኤም 3 በብዙ ያንሳል።

ልዩነቱ የሚታየው ጭነት ከያዘ አይሱዙ ኋላ ኩርባ ላይ ሲያዘግሙ ነው። ኤም 3 ጎማ የሚጠመዝዘውን ኃይሏን፣ 240 ኒውተን ሜትሩን፣ የምትሰጠው በደቂቃ 4,750 ዙር ላይ ነው፤ ከፍታው ወደ 170 ያወርደዋል። ስለዚህ ማርሽ ቀንሶ ሞተሩን ማስጮህ ግድ ይላል። ሲቪክ 220ውን በቆላ ከ1,700 ዙር ጀምራ ትሰጣለች፤ ደጋ ላይ ትንሽ ብትዘገይም ቀድማ ታልፋለች። ለመሪዋ ቅልጥፍና ብቻ ቢሆን እኔ ኤም 3ን እመርጥ ነበር፤ ቤተሰብ ጭኖ ለጋይንት ዳገት ግን አልመርጣትም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ይህ ጣጣ የለባቸውም፤ ሞተራቸው ነዳጅ ስለማያቃጥል አየር አይፈልግም። የእነሱ ሂሳብ ባትሪ ላይ ነው። ከነተሳፋሪዋ 1,800 ኪሎ የምትመዝን መኪና ከወረታ እስከ ነፋስ መውጫ ያለውን 1,300 ሜትር ከፍታ ለመውጣት ብቻ ከ6 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ትበላለች። ቁልቁል ስትመለስ ከዚያ ከፊሉን ፍሬኗ መልሶ ባትሪው ውስጥ ያስገባዋል።