ጊታሩ ከግድግዳ ላይ ይውረድ

በየወጣቱ መኖሪያ ቤት ገባ ብሎ ለተመለከተ ሰው፥ ከመጻሕፍቱ መደርደሪያ አጠገብ ወይም ከአልጋው ራስጌ፥ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጊታር ማየት አዲስ ነገር አይደለም። ባለቤቱ ይጫወት እንደሆነ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ጀምሬ ነበር፤ ተሰጥዎ የለኝም መሰለኝ ተውኩት» ይላል። ዕቃው ከደመወዝ ተቆጥቦ የተገዛ ነው፤ ነገር ግን ጥቂት ሳምንት ከተነካካ በኋላ አቧራ ለብሶ ይቀራል። እኛን የሚያሳዝነን የገንዘቡ ጉዳይ አይደለም። የሚያሳዝነን፥ አንድ የተማረ ወጣት በአንድ ወር ሙከራ ብቻ «እኔ ለሙዚቃ አልተፈጠርኩም» ብሎ በራሱ ላይ መፍረዱ ነው። ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ ያለ በቂ ማስረጃ የሚሰጥ ስለሆነ፥ ዛሬ በዚሁ ላይ ጥቂት ልንል እንወዳለን።

ጀማሪውን ተስፋ የሚያስቆርጡት ነገሮች በዋናው ሁለት ናቸው። አንደኛው የጣት ሕመም ነው። የብረት ክር ያለው ጊታር ሲቃኝ፥ ስድስቱ ክሮች በአንድነት አንገቱን የሚስቡበት ኃይል፥ እንደ ክሩ ውፍረት ከፍና ዝቅ ቢልም፥ ወደ 70 ኪሎ ይጠጋል፤ የናይለን ክር ያለው ክላሲካል ጊታር ግን ወደ 40 ኪሎ ገደማ ነው። እንግዲህ ከብዕርና ከኮምፒዩተር ቁልፍ በቀር ሌላ የማያውቅ ጣት ይህን የተወጠረ ብረት ሲጫን ቢያመው የሚያስደንቅ አይደለም። ሕመሙ የሚያመለክተው ቆዳው ገና ያልጠነከረ መሆኑን እንጂ የተሰጥዎ ማነስን አይደለም። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የጣቱ ጫፍ ይደድርና ነገሩ ይረሳል።

እስከዚያው ድረስ የሚረዱ ሦስት ዘዴዎች አሉ። መጀመሪያ፥ የሚቻል ከሆነ በናይለን ክር መጀመር ነው። ሁለተኛ፥ ፍሬት በሚባሉት፥ በአንገቱ ላይ በተጋደሙት ቀጫጭን ብረቶች መካከል ጣትን ስናሳርፍ፥ ወደ ሳጥኑ በኩል ላለው ብረት አስጠግተን መጫን ነው፤ በዚያ ቦታ ጥቂት ኃይል ጥሩ ድምፅ ይሰጣል። ሦስተኛ፥ እሑድ ብቻ ሁለት ሰዓት ከመታገል ይልቅ በየማታው 15 ደቂቃ መለማመድ ነው። የፈተና ጥናት በአንድ ሌሊት ይጨናነቅ ይሆናል፤ ጣት ግን እንዲህ ያለውን ጥናት አይቀበልም።

ሁለተኛው እንቅፋት የጣት ሳይሆን የጆሮ ነው። ከውጭ የሚመጡት የጀማሪ መጻሕፍት ተማሪውን ብዙ ጊዜ የሚያስጀምሩት በኮርዶች፥ ማለትም በአንድነት በሚመቱ ድምፆች፥ እንዲሁም በሌላ አገር ሕፃናት ዘንድ በሚታወቅ ዜማ ነው። ዜማውን ሰምቶት የማያውቅ ሰው ሲሳሳት እንኳ መሳሳቱን አያውቅም፤ ስሕተቱን የሚነግረው ዳኛ የለውማ! በልጅነቱ በሠርግና በሬዲዮ የሰማውን ዜማ ሲሞክር ግን፥ ጆሮው አንዷን የተሳሳተች ድምፅ ወዲያው ይይዝበታል። እንግዲህ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ሲሰማ ያደገ ጆሮ ያለው ሰው፥ ትምህርቱን የሚጀምረው ከባዶ አይደለም ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንባቢያችን አንድ ነገር እንዲያስተውልልን እንለምናለን። ጊታር በተለመደው አቃኝ ሲቃኝ፥ ከወፍራሙ ክር እስከ ቀጭኑ ድረስ የሚሰጣቸው ድምፆች ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ናቸው። የመጨረሻው ሚ የመጀመሪያው ድጋሚ ስለሆነ፥ ልዩ ልዩዎቹ ድምፆች አምስት ብቻ ይሆናሉ። እነዚህን አምስቱን ከሶል ጀምረን በተራ ብናሰልፋቸው ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ ይሆናሉ፤ ይህም ራሱ የትዝታ ሜጀር ቅኝት ነው! እንግዲህ አንድም ጣት ሳያርፍበት፥ ጊታሩ የትዝታን አምስት ድምፆች ይዞ ይጠብቀናል።

ከክራር ጋር ያለው ልዩነትም ከዚሁ ይገለጻል። በክራር ላይ እያንዳንዱ ክር በተቃኘበት በአንድ ድምፅ ይጸናል፤ ደርዳሪው በቀኝ እጁ ክሮቹን በአንድነት ሲመታ፥ በግራ እጁ ጣቶች የማይፈልጋቸውን ክሮች ያፍናል። በጊታር ላይ ግን የግራ እጅ ጣት ክሩን ያሳጥረዋል፤ ክሩ ባጠረ ቁጥር ድምፁ ይቀጥናል። በ12ኛው ፍሬት ላይ ክሩ በትክክል እኩሌታ ስለሚሆን፥ ያው ድምፅ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ይሰማል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ክሮቹ የሚቈጠሩት ከቀጭኑ ነው፤ ቀጭኑ 1ኛ፣ ወፍራሙ 6ኛ ይባላል። መጀመሪያ ጊታሩን በስልክ ላይ በሚገኝ መቃኛ አስተካክሎ መቃኘት ያስፈልጋል፤ ያልተቃኘ ጊታር ትጉውን ተማሪ ሰነፍ ያስመስለዋልና። ከዚያም 3ኛውን ክር ባዶውን መምታት፤ ይህ ሶል ነው። በዚያው ክር 2ኛው ፍሬት ላይ ላ ይገኛል። 2ኛው ክር ባዶው ሲ ነው፤ በ3ኛው ፍሬት ሬ ይሆናል። 1ኛው ክር ባዶው ሚ ሲሆን፥ በ3ኛው ፍሬት ላይኛውን ሶል ይሰጣል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልጉት ሁለት ጣቶች ብቻ ናቸው። በዝግታ ወጣ ወረድ እያሉ ጥቂት ቀን ከሰነበቱ በኋላ፥ የሚያውቁትን የትዝታ ዜማ በጆሮ እየፈለጉ መልቀም ነው። ሐዘንተኛውን ትዝታ ማይነር የሚሻ፥ በሲ ፈንታ 3ኛውን ክር በ3ኛው ፍሬት፥ በሚ ፈንታ ደግሞ 2ኛውን ክር በ4ኛው ፍሬት ይጫን።

ኮርዱ ከዚህ በኋላ ይምጣ። ኢ ማይነር የሚባለው 5ኛውንና 4ኛውን ክር በ2ኛው ፍሬት በመጫን ብቻ ይገኛል። ኢ ማይነርና ጂ ሜጀር የተሠሩት ከእነዚያው ከአምስቱ ድምፆች ስለሆነ ከዜማው ጋር አይጣሉም። ዲ ሜጀር ግን ከአምስቱ ውጭ የሆነ ፋ ዲየዝ የተባለ እንግዳ ድምፅ ይዞ ይገባል፤ ስለዚህ በጆሮ እየመዘኑ ሊያስገቡት ይገባል።

«ጣቶቼ አይታዘዙልኝም» ለሚል ወጣት ጃንጎ ራይንሃርትን እናስታውሰዋለን። ይህ የጊታር ሰው እ.ኤ.አ. በ1928 ገና በ18 ዓመቱ በእሳት አደጋ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ተጎዱበት። እርሱ ግን በቀሩት ጣቶች እንደ አዲስ ተምሮ፥ እ.ኤ.አ. በ1934 ከቫዮሊን ተጫዋቹ ከስቴፋን ግራፔሊ ጋር በፓሪስ ዝነኛውን ጓድ አቋቋመ። ከአገራችንም የጊታር ተጫዋቹ ግሩም መዝሙር «አዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት» በተባለው ጓዱ፥ በማንዶሊን ተጫዋቹ በአየለ ማሞ ተሳትፎ ጭምር፥ የቀድሞ ዘፈኖቻችንን በአኩስቲክ መሣሪያዎች አሰምቶናል። የራሳችን ዜማ በእንጨት ሳጥን ላይ እንዴት እንደሚያምር መስማት የሚፈልግ ጀማሪ ከዚያ ብዙ ይማራል።

ጀማሪው ጎረቤት ይስማኛል ብሎ ቢያፍርም እንረዳዋለን። ይሁንና ፊደል ስንቈጥርም ጮክ ብለን ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ማንም አልሳቀብንም። እንግዲህ ወጣቱ በየማታው ሩብ ሰዓቱን ይስጥ፤ ከሚያውቀው ዜማ ይጀምር፤ ሦስት ወርም ይታገሥ። ተሰጥዎ አለኝ ወይስ የለኝም የሚለውን ፍርድ ያን ጊዜ፥ ጣቱም ጆሮውም ቃላቸውን ከሰጡ በኋላ ይስጥ።